ክብደት የሚቀንሰው ቀዶ ሕክምና፦ ከቢላዋው በፊት ምን ይቅደም?

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ በየቤታችን በሹክሹክታ የሚወራ እንጂ በአደባባይ የሚነገር አይደለም። እርሱም ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ ጨጓራን በቀዶ ሕክምና የማሳነስ ጉዳይ ነው። በአሁኑ ጊዜ ኒካሕ ወይም ዓቂቃ ስንጠራ «እገሊት እኮ ጅዳ ሆዷን ተሠርታ መጣች»፣ «እገሌ ኢስታንቡል ሄዶ አርባ ኪሎ ጣለ» የሚል ወሬ መስማት እየተለመደ ነው። ወሬው ታዲያ ከሁለት ነገር አያልፍም፤ ስንት ገንዘብ ወጣ፣ ስንት ኪሎ ወረደ። በእኔ አስተያየት ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ። ይኸውም ሰውየው ኦፕራሲዮን ክፍል ከመግባቱ በፊት በነበሩት ሳምንታትና ወራት ምን ሲሠራ ቆየ የሚለው ነው።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በእህቴ ምክንያት ነው። ታላቅ እህቴ ለብዙ ዓመታት ጅዳ የኖረች የሦስት ልጆች እናት ናት። ስኳር በሽታና ደም ግፊት አለባት፤ ጉልበቷንም ስለሚያማት ከሱጁድ የምትነሳው በመከራ ነው። ሐኪሟ ቀዶ ሕክምናውን ባነሱላት ጊዜ ከሆስፒታሉ የተሰጣትን ብዙ ገጽ ወረቀት እያነበቡ የማስረዳቱ ሥራ፣ ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት እኔ በመሆኔ፣ በእኔ ላይ ወደቀ። ያልገባኝን እዚህ አዲስ አበባ የማውቃቸውን ሐኪሞች እየጠየቅሁ፣ የገባኝን በስልክ እየነገርኳት አራት ወር አለፈ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህም ጽሑፍ የሐኪምን ምክር የሚተካ አይደለም። ሆኖም በእነዚያ ወራት የተማርኩት ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በቅድሚያ ኦፕራሲዮኑ ምን እንደሆነ ባጭሩ እንመልከት። ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ስሊቭ ይባላል፤ ከጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ብቻ ይቀራል። የሚይዘውም ሁለት የቡና ሲኒ ቢሆን ነው። ሁለተኛው ባይፓስ የሚባለው ነው። በዚህኛው ከጨጓራው ላይኛ ክፍል 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገጠማለች፤ ምግብም የቀረውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። የባይፓስን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ከባልደረባቸው ጋር ናቸው። በአሁኑ ጊዜ ሁለቱም በአብዛኛው ሆድ በሰፊው ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታዩ ይሠራሉ። ጥቅማቸውም ቦታ በማጥበብ ብቻ የሚቆም አይደለም። ረሃብና ጥጋብን የሚያዙት ሆርሞኖች ስለሚለወጡ ረሃቡ ራሱ ይበርዳል፤ የብዙ በሽተኞች ስኳርም ክብደታቸው ገና ብዙ ሳይወርድ ይሻሻላል።

ይህ ሕክምና ለሁሉም ወፍራም ሰው የታዘዘ አይደለም። ሐኪሞች የሰውን ኪሎ ቁመቱ በሜትር ተለክቶ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ያካፍላሉ። ለምሳሌ ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 105 ኪሎ የሆነች ሴት ውጤቷ 41 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በጠራው ጉባኤ የተወሰነው መለኪያ 40ና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከውፍረት ጋር የተያያዘ ከባድ በሽታ ካለ 35ና ከዚያ በላይ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበራት ይህን አሻሽለው 35 የደረሰ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም፣ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ያለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ሊታሰብለት ይችላል ብለዋል። እንግዲህ ለሠርግ ቀን ቀሚስ ይበቃት ዘንድ ስምንት ኪሎ መጣል የፈለገች ልጅ ጉዳዩ አይመለከታትም።

በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ ከ4000 በላይ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ካልተደረገላቸው መሰሎቻቸው ያነሰ ሞት እንደደረሰባቸው ያሳየ ጥናት ነው። ከዚህ ጥናት ትኩረቴን የሳበው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ሰዎቹ በሁለተኛው ዓመት በአማካይ ከክብደታቸው 23 በመቶ ቀንሰው ነበር፤ በሃያኛው ዓመት የቀነሱት 18 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ዘመን ይሠሩ የነበሩት የቀዶ ዓይነቶች ከዛሬዎቹ በከፊል ይለያሉ። ቢሆንም ኪሎው ተመልሶ ለመምጣት መንገድ እንደማያጣና የተሠራ ጨጓራ ሰውየውን ለዘላለም እንደማይጠብቀው ያሳየናል። የሚጠብቀው ከኦፕራሲዮኑ በፊት የተተከለ ልማድ ነው።

ወደ አካል ዝግጅቱ ስንመጣ ነገሩ በጉበት ይጀምራል። የጉበት ግራ ክንፍ ጨጓራው ላይ ተደርቦ የሚገኝ ስለሆነ ቀዳጁ ሐኪም መጀመሪያ እርሱን ማንሳት አለበት። በጣም የወፈረ ሰው ጉበት በአብዛኛው ስብ ሞልቶት የከበደ ነው፤ ሲነካ በቀላሉ ይደማል፣ ዕይታንም ይጋርዳል። ሐኪሙ የጀመረውን ሥራ አቋርጦ ለመውጣት የሚገደድበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ላሉት ሁለት እስከ አራት ሳምንታት በቀን ከ800 እስከ 1200 ካሎሪ ብቻ የሚሰጥ፣ ፕሮቲን የበዛበት፣ ስኳርና ቅባት የራቀው አመጋገብ ይታዘዛል። ጉበት በዚህ ጊዜ ፈጥኖ ስቡን ያራግፋል። እህቴ ይህን ስነግራት «እንዲህ መብላት ከቻልኩማ ኦፕራሲዮኑ ለምኔ?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፤ ሦስት ሳምንት መቻልና ሠላሳ ዓመት መቻል ግን የተለያዩ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም የስኳር ኪኒን የሚውጡ ሰዎች ምግቡን ቀንሰው መድኃኒቱን እንደነበረ ከቀጠሉ ስኳራቸው በድንገት ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። መጠኑን ሐኪሙ አስቀድሞ ማስተካከል ይኖርበታል።

የእኛን ሰው ጠባይ እዚህ ላይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሰው ሊቀደድ ነው ሲባል ዘመድ ይሰበሰባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ በግ ይታረዳል። ዱዓው መልካም ነው፤ ሥጋውም ለሚስኪን ቢደርስ ሰደቃ ነው። ታማሚዋን ማዕዱ መሐል አስቀምጦ «ከእንግዲህ እንዲህ አትበዪም፣ ዛሬ እንኳ ጠገብ አድርገሽ ብዪ» ማለት ግን ፍቅር የመሰለ ጥፋት ነው። ይህ የስንብት ግብዣ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በሌላውም ዓለም ሐኪሞች የሚማረሩበት ልማድ ነው። በአሥር ቀን ግብዣ ውስጥ ጉበቱ ተመልሶ ስብ ይሞላል።

ምርመራው ብዙ በመሆኑ ሁሉንም አልዘረዝርም። «ጨጓራ አለብኝ» እያለ የሚኖር ሰው በአገራችን ስንት እንደሆነ የምናውቀው ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ የሆነውን ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ አስመርምሮ አስቀድሞ መታከም ያስፈልጋል፤ ከባይፓስ በኋላ የተለየውን ጨጓራ በተለመደው የካሜራ ምርመራ ማየት አይቻልምና። የአይረን፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የቫይታሚን ዲ መጠን ቀድሞ መታወቅ አለበት። በተለይ ከቤት ብዙ ለማይወጡ፣ ፀሐይ ለማያገኛቸው እህቶቻችን ቫይታሚን ዲ ማነሱ የተለመደ ነው። ባል «ስታንኮራፊ ጣራው ይነቃነቃል» እያለ የሚቀልድበት ማንኮራፋትም ቀልድ ላይሆን ይችላል። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት በሽታ ሊሆን ይችላልና ሰመመን የሚሰጠው ሐኪም ማወቅ አለበት። ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ መቆም አለባቸው፤ የቁስልን መዳን ያዘገያሉ፣ ሳንባን ያዳክማሉ፣ ለደም መርጋትም ያጋልጣሉ። ጫት የሚቅም ሰውም አፍሮ መደበቅ የለበትም። ጫት የልብ ምትንና ደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ በሰመመን ጊዜ ነገሩን ያወሳስባል። በአሁኑ ጊዜ በየሳምንቱ የሚወጉ የክብደት መቀነሻ መርፌዎች መጥተዋል፤ ለአንዳንዱ ሰው ቢላዋውን ሊያስቀሩለትም ይችላሉ። እነርሱን የሚወስድ ሰው ደግሞ ምግብን በጨጓራ ውስጥ ስለሚያቆዩ ለሰመመን ሐኪሙ መናገር አለበት። ከዚህ ሁሉ ጋር በየቀኑ በእግር መሄድ ነው። እህቴ ከመኖሪያ ሕንፃዋ እስከ መስጂዱ ደርሶ በመመለስ ጀመረች፤ መጀመሪያ ሦስት ቦታ እያረፈች ነበር።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ እርሱም አበላል ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰው መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ እየወሰደ ወደ ተራው ምግብ የሚመለሰው ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያም በኋላ ሕጎች አሉ። ፕሮቲን ይቀድማል፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ያስፈልጋል። ጉርሻው ትንሽ ሆኖ አፍ ውስጥ እስኪልም ይታኘካል። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። ጣፋጭ ነገር በተለይ ባይፓስ የተሠራውን ሰው ላብ በላብ አድርጎ፣ ልቡን አስመትቶ፣ ሆዱን ቆርጦ መሬት ሊያስይዘው ይችላል። እንደ ዳቦ ያለ ሊጥነት ያለው ምግብ ሳይታኘክ ከተዋጠ ይያዛል፣ ያስመልሳል። እንጀራን እየጠቀለልን የምንውጠው ሰዎች ይህን ልብ ልንል ይገባናል።

እንግዲህ የእኛን የኢፍጣር ማዕድ አስቡት። በተምርና በውኃ ተጀምሮ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ጁሱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይከተላል። ይህን የለመደ ሰው ከሆስፒታል በወጣ ማግስት ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሐኪሞቹ ልምምዱን ከወራት በፊት ጀምሩ ይላሉ። በትንሽ ሰሐን መብላት፣ ማንኪያውን በየጉርሻው መሐል ማስቀመጥ፣ አንዱን ምግብ ሃያ ደቂቃ ማቆየት፣ ውኃውን መለየት። እህቴ ለመጀመሪያው ሳምንት በጣም ተበሳጭታ ነበር። የሚበሉት ሁሉ ጨርሰው ሲነሱ እርሷ ብቻዋን ትቀራለች። መፍትሔው የመጣው ከትንሹ ልጇ ነው፤ እርሷ እስክትጨርስ የቤት ሥራውን ይዞ አጠገቧ መቀመጥ ጀመረ።

ጉርሻም አለ። በእኛ ዘንድ ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ «በሞቴ» ተብሎ የተዘረጋ እጅ አይመለስም። ጨጓራው ሁለት ሲኒ ብቻ ለሚይዝ ሰው ግን አንድ ትልቅ ጉርሻ ከማዕድ አስነስቶ መታጠቢያ ቤት ያስሮጠዋል። ይህን የማስረዳቱን ሸክም ታማሚው ላይ ብቻ መጣል ልክ አይደለም። አንድ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው፣ እናት ወይም ታላቅ ወንድም፣ አስቀድሞ ለቤተ ዘመዱ መናገር ይኖርበታል። እኛ ቤት ይህን የነገረችው እናታችን ናት፤ «ልጄን የሚወድ እጇን እንጂ አፏን አይያዝ» አለች፣ ነገሩም በዚያው አበቃ።

የስሜት ዝግጅቱ ከዚህ የጠለቀ ነው። ሰው የሚበላው ስለራበው ብቻ አይደለም። ሲያዝን ይበላል፣ ሲሰለቸው ይበላል፣ ከአገር ርቆ ብቸኝነት ሲጫነው ይበላል። በዓረብ አገራት የሚኖሩ ስንት እህቶቻችን ከሥራ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ጓደኛ ሰሐን ብቻ መሆኑን ነግረውኛል። ጨጓራው ሲጠብ ያ ጓደኛ በአንድ ቀን ይሄዳል፤ ሐዘኑ ግን ባለበት ይቀራል። በብዙ ሆስፒታሎች ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ የሚላከው ለዚህ ነው። የእኛ ሰው «እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ባለሙያው የሚጠይቀው ግን መቼ ትበያለሽ፣ ሌሊት ተነስተሽ ትበያለሽ ወይ፣ ተደብቀሽ ትበያለሽ ወይ፣ ስትከፊ ማንን ታናግሪያለሽ የሚሉትን ነው። መልሱን ማሳመር ራስን መጉዳት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ዓመታት በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ራስን የመጉዳት አደጋ ከፍ ብሎ መታየቱን ጥናቶች ስለሚያመለክቱ፣ ቀድሞ የድብርት ሕመም የነበረበት ሰው ለሐኪሙ ሊደብቅ አይገባም።

ሌላው የሰው አፍ ነው። በአገራችን ወፍራም ሰው ሲታይ «አማረብህ፣ ደላህ» ይባላል፤ የከሳ ሰው ሲታይ ደግሞ «ምን ነካህ? ታመምክ እንዴ?» ይባላል። ከዚያም ጀርባ ሌላ ክፉ ሹክሹክታ ይከተላል። በስድስት ወር ውስጥ ሠላሳ ኪሎ የሚጥል ሰው ይህን መስማቱ አይቀርም። ከሦስተኛው ወር ግድም ጀምሮ ለጊዜው ፀጉር መነቃቀሉ፣ የፊት መጨማደዱ፣ የሆድና የክንድ ቆዳ መንጠልጠሉ ወሬውን ያባብሰዋል። ለማን ምን እንደሚነገር አስቀድሞ መወሰን ይጠቅማል። ሁሉን ለሁሉ መንገር ግዴታ አይደለም፤ እውነቱን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ግን ሊኖሩ ይገባል።

ትዳርም ይነካል። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያላገቡት ከመሰሎቻቸው በበለጠ ሲያገቡ፣ ያገቡት ደግሞ በበለጠ ሲፋቱ መታየታቸውን ገልጿል። ስዊድን ስዊድን ናት ብንል እንኳ ባልና ሚስት አስቀድመው ቢነጋገሩ አይከፋም። በተለይ ልጅ መውለድን በሚመለከት መነጋገር አለባቸው። ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲዘገይ ይመክራሉ። ክብደት ሲወርድ ደግሞ ማርገዝ ይቀላል፣ የሚዋጥ መከላከያም ከባይፓስ በኋላ በሚገባ ላይሠራ ይችላል። የአማቶች «ልጁስ?» የሚል ጥያቄ በዚህ መሐል ሲመጣ መልሱ የባልም እንጂ የሚስት ብቻ መሆን የለበትም።

ከዲናችን ጋር የሚነካኩ ጥያቄዎችም አሉ። እህቴን ያስጨነቃት «አላህ የሰጠኝን አካል ማስቆረጥ አይሆንብኝም ወይ?» የሚለው ነበር። የጠየቅናቸው ዓሊም ለበሽታ መድኃኒት የሆነውን ለጌጥ ከሚደረገው ለይተው አስረዷት፤ ሌላውም ሰው የራሱን ጉዳይ ይዞ የሚያምናቸውን ዓሊም ቢጠይቅ ይሻላል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን የተባለ መርፌ ከአሳማ አንጀት ሽፋን የሚዘጋጅ ነው፤ ብዙ የቫይታሚን እንክብሎችም ጀላቲን አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኩዌት በሚገኘው እስላማዊ የሕክምና ሳይንስ ድርጅት ጉባኤ የተገኙ ዓሊሞችና ሐኪሞች፣ ጀላቲን ባሕርዩ ፈጽሞ ተለውጧል በሚል ሊፈቀድ እንደሚችል ገልጸዋል፤ ይህን የማይቀበሉም አሉ። ለእኔ ቁም ነገሩ ጥያቄው የሚነሳበት ጊዜ ነው። ኦፕራሲዮኑ ሊደረግ ሰዓታት ሲቀሩ መርፌውን አልወጋም ማለት ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል ነው፤ ከአንድ ወር በፊት ከተጠየቀ ግን ሐኪሙ ስለ ሌሎች መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ያለ እንስሳ ስለሚሠራው ፎንዳፓሪኑክስ፣ ለመነጋገር ጊዜ ያገኛል። ረመዳንም ቀድሞ ይታሰብ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ መጠጣት ስለሚያስፈልግ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አንዳንዶቹም እስከ ዓመት፣ እንዳይጾም ይመክራሉ። ቀጠሮውን ከረመዳን ማራቅ፣ ቀዷውንም በሐሳብ መያዝ ተገቢ ነው። እህቴ ወሲያዋን ጽፋ፣ ያለባትን ዕዳ ዘርዝራ ለባሏ ሰጠች። ሟርት ነው ያሉ ነበሩ፤ እርሷ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ እንደወሰዳት ነግራኛለች።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ነው «ሰኞ ግባ፣ ማክሰኞ ተሠራ፣ ዓርብ ተመለስ» የሚለውን ማስታወቂያ በጥርጣሬ ማየት የጀመርኩት። አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉና ኦፕራሲዮኑ በአንድ ዋጋ ተጠቃለው ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ቢቢሲ ለዚህ ሕክምና ወደ ቱርክ ከሄዱ እንግሊዛውያን መካከል ሰባቱ መሞታቸውን ዘግቧል። በቱርክ ጎበዝ ሐኪሞች መኖራቸውን አልክድም፤ ሥራው በሚገባ ሲሠራ የሞት አደጋው ከሺህ አንድ ወይም ጥቂት ቢሆን ነው። ችግሩ ሐኪሙ ታማሚውን የሚያየው በዋዜማው መሆኑ ነው። ጉበቱን ማን አዘጋጀ? ስኳሩን ማን አስተካከለ? አሥረኛው ቀን ላይ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሆድ ወይም የትከሻ ሕመም ቢመጣ፣ የተሰፋው ቦታ አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊት የሚደወልለት ማን ነው?

ስለዚህ ውጭ አገር ለመሠራት ያሰበ ሰው ከመነሳቱ በፊት እዚህ የሚከታተለውን ሐኪም ያግኝ። ሲመለስም የትኛው ዓይነት ኦፕራሲዮን እንደተሠራ የሚገልጸውን ሙሉ ሪፖርት በሁለት ቅጂ ይዞ ይምጣ፤ አንዱ ለሐኪሙ፣ አንዱ ለቤቱ። ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው፤ ወርሃዊ ዋጋውም ከጉዞው ወጪ ጋር ይደመር። የደም ምርመራው በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይደረጋል። እህቴ የቀጠሮዎቿን ዝርዝር ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች፤ የሚቀጥለው የቢ12 ምርመራ ነው።